ስለ ሁለቱ መርገጫዎች

ለማትረሳኝ ወንድሜ ለኩርት፣

እንደምን ሰነበትክ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? መረቡ የቆረጠው እጅህ ዳነልህ ወይ? ያ ሳልስ ለቀቀህ? እኛማ ደህና ነን ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። ደህና አይደለንም፣ ኩርት። ስልክህ መርከቡ ላይ አልገባ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ለመጪው መከር መጥተህ ከአባባ ጋር አጋዘን ልታድን አስበህ፣ ዛፍ ላይ ለመቆሚያ ትንሿ መርገጫ ትሻላለች ወይስ ሰፊው ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ትንሿ ሁለት መዳፍ ብታክል ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እግርህን ታደነዝዘዋለች፤ ስለዚህ ወደድክም ጠላህም ወገብህ ላይ በታጠቅኸው የአደን ኮርቻ ላይ ትቀመጣለህ፣ ከግንዱ ጋር የሚያስርህ ገመድም እንደተወጠረ ይውላል። ሰፊው ግን ምቹ ነው። ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ ትዞራለህ፣ ገመድ መኖሩንም ትረሳዋለህ። እኔ ሞኟ የአባባ ጉልበት አሳዝኖኝ ሰፊውን ለእሱ ሰጠሁት። የአሮጊት በረንዳ ሠራሽልኝ እንዴ ብሎ አሾፈብኝ፤ በልቡ ግን ደስ ብሎት ነበር።

የአደን ወቅቱ መክፈቻ ቀን ጠዋት ውርጭ ነበር። እሱ ጅረቱ አጠገብ ያለው ሂኮሪ ዛፍ ላይ፣ እኔ ከጉብታው ማዶ ኦክ ዛፍ ላይ ወጣን። የሂኮሪ ቅርፊት እየተላጠ እንደሚነሳ እያወቅኩ አላሰብኩትም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአባባን ጩኸት ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። አጋዘን ስቶ ተናዶ ነው አልኩ። ሕጉን ታውቃለህ፤ በመክፈቻው ቀን ከአራት ሰዓት በፊት ከዛፍ የወረደ የሌሎችን አደን ያበላሻል። ያስተማረን ራሱ ነው። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ኩርት። ጉብታውን ለመሻገር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስደርስ ቅርፊቱ ተልጦ መርገጫው ከሥሩ ሸሽቷል። ገመዱ ላልቶ ስለነበር የቁመቱን ያህል ወርዶ ነው የያዘው፤ ዳሌው ከግንዱ ጋር ተጋጭቶ ተሰብሯል። አንድ እግሩን ግንዱ ላይ በታሰረው መወጣጫ ላይ አሳርፎ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ስልኩን እንዳይጮህ ብሎ መኪናው ውስጥ ትቶታል። ለምን ደግመህ አልተጣራህም ብዬ ስጠይቀው፣ አደንሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ አለኝ።

ሆስፒታል ወስደነው ዳሌውን ጠገኑለት፤ ከዚያ ግን ሳንባው ታመመ። ልጁን ከሥራው እንዳታስነሺው ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ ትናንት ሐኪሟ ወንድም ካለሽ ጥሪው ስትለኝ መሐላዬን አፈረስኩ። ባሌ ድዋይት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ይለኛል። ሰው ሲያጽናና ሌላ ምን ይላል? እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ ጩኸት ይሰማኛል። ቁርጡን ልንገርህ፣ እኔ ተስፋ የለኝም። ወደብ እንደደረስክ ሳታድር ተነሣ።

ድዋይት ናፍቆትህ በርትቶብኛል ይልሃል። ልጄ ጆሊን አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አክስት ኧርማ በጸሎቷ አልረሳችህም። አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን አይናገርም።

እህትህ ሎርና
ፖተር ካውንቲ፣ ፔንሲልቬንያ
ዲሴምበር 12 ቀን 2024