አባቴ፣ ወልድያ አይምጡ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንዴት ነው? የደሴው ሐኪም የሰጠዎትን ጠብታ ያቃጥላል ብለው ትተውታል አሉኝ። ቢያቃጥልም ይጨምሩት፤ እምቢ ካሉ እህቴ ነኢማ ጠርሙሱን ወስዳ ራሷ ትጨምርልዎ። እናቴን ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ዝናቡ ከሄደ በኋላ ብርዱ እንደሚብስባት አውቃለሁና ጠዋት ጠዋት ወንዝ አትውረድ። እኔ በአላህ ፈቃድ ጤነኛ ነኝ። ወልድያም እንደሚያውቋት ናት፤ ባጃጁ ሰው አያሳልፍም።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ በሚኒባሱ ሹፌር በወልዴ እጅ የላክሁት ስልክ ስላቃተኝ ነው። ስልክ ላይ ሁለታችንም አንረባም። አንቱ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ይላሉ፣ እኔም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ካርዱ ያልቃል። ትናንት ግን ነኢማ ደውላ፣ አባባ ሰኞ ወልድያ መሥሪያ ቤትህ ድረስ መጥቼ ለአለቆቹ የምናገረው አለኝ እያሉ ነው፣ አዲሱን ጋቢያቸውንም አውጥተው አስጥተዋል አለችኝ። ይህን እንደሰማሁ ወረቀት አነሣሁ። ሳይነሡ እንዲደርስዎ ብዬ ነው የቸኮልኩት። ነኢማ ስታነብልዎ እናቴ አጠገብዎ ትሆናለች፣ ጎረቤትም ብቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የሚባለውን ብቻ እላለሁ።

አባቴ፣ ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። ልጄ መሐንዲስ ነው ሲሉ ሰው ሁሉ ባለ መኪና አድርጎ ያስበኛል። መሥሪያ ቤታችን አንዲት ፒክአፕ አለችው። ጎማዋ ከወለቀ ቆይቷል፤ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ ከሥሯ ድመት ወልዳለች። ሞተር ሳይክልም አለ፣ ነዳጅ የለውም። ነዳጁ ሲገኝ ደግሞ ውጣ ብሎ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። የቡድን መሪያችን ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ግን የተማረው ታሪክ ነው። ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ስነግረው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጠኛል፤ ስጨርስ፣ እስቲ በጀት ይለቀቅ ይለኛል።

በመንደራችን የተሠራውን የመስኖ ቦይ ጨምሮ በሀብሩ ወረዳ ያሉትን ሥራዎች እንድቆጣጠር የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ቁጥጥር ማለት ሲሚንቶው ሲቦካ ቆሞ ማየት ነው። ከደረቀ በኋላ የሚታየው ከላይ ያለው ልስላሴ ብቻ ነው።

ሌሎቹ መሐንዲሶች መላ አላቸው። ተቋራጩ ጠዋት በራሱ መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ ምሳ ይጋብዛቸዋል፣ ማታ መልሶ ያደርሳቸዋል። አብሮኝ የሚሠራው አቤልም እንደዚያው ነው። እኔ እምቢ አልኩ። የምቆጣጠረውን ሰው መኪና ተሳፍሬ፣ ጥብሱን በልቼ፣ ከዚያ ወርጄ ይህን አፍርስ ብለው ማን ይሰማኛል? አቤል በዚህ ሲስቅብኝ ነው የሚውለው። አንተ ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍተህ እስክትደርስ ሲሚንቶው ደርቆ ልጅ ይድራል ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ በኩራቴ ሲሪንቃ ላይ ወርጄ በእግሬ ስኳትን፣ እሱ በሰው መኪናም ቢሆን ሄዶ ሥራውን ያያል። የእሱ ሥራዎች አልፈረሱም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

በበጋ የመጣሁበትን ቀን ያስታውሱታል። እስክደርስ ፎርማኑ ሠራተኞቹን አስቀምጦ፣ ሲሚንቶ አልቆብን ነው ብሎ ጠበቀኝ። እኔም ቆይቼ ልጠብቅ ስል አንቱ መጡና ልጄ ፀሐይ ላይ አይቆምም ብለው እጄን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱኝ። በሉ ተባልን፣ በላን፤ ዱአ ተደረገ፤ ቀኑ አለፈ። ከዚያ በኋላ ስቀር ፎርማኑ በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ፎቶ ላይ የማያምር ቦይ የለም። እኔም ለሌሎቹ ቦታዎች እሰጋ ነበር እንጂ ለእሱ አልሰጋሁም። የራሴ መንደር ነው፣ የማውቀው ሰው ሁሉ በላዩ ይመላለሳል፣ የተበላሸ ነገር ካለ ሳልጠይቅ ይነገረኛል ብዬ ልቤን ጣልኩ።

በዚህ መሐል የደረጃ ዕድገቱ ወጣ። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ የጠበቅኩት ነው። አንዴ በጀት የለም ተባለ፣ አንዴ ጥናቱ አልጸደቀም፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አብረውኝ ከተመረቁት ከፊሉ ተቋራጭ ዘንድ ገባ፣ ከፊሉ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻገረ። እኔ ቆየሁ። ዘንድሮ ስሜ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የደወልኩት መጀመሪያ ለአንቱ ነበር፤ ድምፅዎ እንዴት እንደሆነ አልረሳውም። ቢሮ ውስጥ ገና እንኳን ደስ አለህ እየተባልኩ ሳለሁ ቦዩ ላይ ውሃው ተለቀቀ።

የሆነውን አንቱ ከእኔ በፊት አይተውታል። ውሃው እንደገባ ሲሚንቶው እንደ ቂጣ ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ሰርስሮ ወጣና የአቡበከርን የሽንኩርት ማሳ ጠርጎ ወሰደው። ደርሼ በጥፍሬ ስጭረው ረገፈ። አሸዋው አፈር ነበር። ያን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ የሚያየው ነው።

አጣሪዎቹ መጥተው ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ የተጠራው አንቱ ለዓይንዎ ደሴ በሄዱበት ቀን ነው። ሰው ምን እንደነገረዎት አላውቅም፤ እኔ የሰማሁትን ልንገርዎ። ሰብሳቢው ገበሬውን፣ ይህ ሲሠራ ሁላችሁም ታዩ ነበር፣ በእጅ ሲነካ ይረግፋል፣ ለምን ዝም አላችሁ? ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አቡበከር ተነሣ። ማሳው የሄደበት እሱ ስለሆነ ሁሉም ዞሮ ያየው ነበር። እሱም፣ አይተናል፣ ልናመለክትም ተነጋግረን ነበር፤ ግን አንድ የምናከብረው ሰው፣ ተቆጣጣሪው የእኛው ልጅ ነው፣ አሁን አቤቱታ ብታቀርቡ ዕድገቱን ታሰናክሉበታላችሁ፣ እሱ ያውቃል ተዉት ብሎ ለመነን፤ እኛም ትተን ተበተንን አለ።

ሰብሳቢው ማን ነው ሰውየው? አለ። አቡበከር አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ፣ ያ አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አልሄደም። ቁጣ የለበትም። ከዚያ አቀረቀረና፣ ብዙ ሰው ነበር፣ አላስታውስም አለ። አስታውስ እንጂ ብለው ቢይዙትም ያንኑ ደገመ። ሌሎቹም ሲጠየቁ እንደ እሱ አላስታውስም አሉ። ያ ሁሉ ሰው፣ የየማሳውን ድንበር ከነድንጋዩ የሚያስታውስ ሰው፣ ያንን አንድ ነገር ረሳ።

ከአዳራሹ ስንወጣ አቤል ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ያንን ሰው ፈልግ፣ አቤቱታው እንዳይደርስህ መከልከሉን መጥቶ ከተናገረ ጥፋቱ ይቀልልሃል፣ ዕድገትህም ይተርፋል አለኝ። የት እንደምፈልገው አላውቅም አልኩት። አቤል ሞኝ አይደለም፤ ትንሽ አየኝና ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እኔም ብቻዬን ወደ አቡበከር ማሳ ሄድኩ። አፈሩ ተልጦ ድንጋዩ ወጥቷል። አቡበከር ከኋላዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ እናትህን ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? አለኝ። እንባዬ መጣ፤ እሱ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረልኝ።

በማግስቱ ቃልህን ስጥ ስባል፣ ገበሬው ላይ ጥፋት የለም፣ መቆጣጠር የእኔ ሥራ ነበር፣ በቦታው አልነበርኩም ብዬ ፈረምኩ። ውሸት አይደለም። አልነበርኩማ። መኪና የለም የሚለው ለመሥሪያ ቤቱ መልስ ይሆን እንደሆነ እንጂ ሽንኩርቱ ለሄደበት ሰው መልስ አይሆንም።

ዕድገቱ ተሰርዟል። ከቁጥጥር ተነሥቼ ንብረት ክፍል ገብቻለሁ፤ ቱቦና ቆርቆሮ እየተረከብኩ አስረክባለሁ። ያማል፣ አልዋሽዎትም። ጠዋት ስገባ እነ አቤል ፕላን ዘርግተው ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ እኔ ቁልፌን ይዤ ወደ ጓሮ አልፋለሁ። አንዳንዴ መልሱን ስለማውቀው ቆሜ ልናገር ይዳዳኛል። ፅዮን የምትባለው የሒሳብ ሠራተኛችን ብቻ አሁንም መሐንዲሱ ብላ ትጠራኛለች፤ ተዪ ብላት አልሰማ ብላለች።

ደግ የሆነውም ይነገር። ተቋራጩ የፈረሰውን በራሱ ወጪ እንዲሠራ ታዟል። የሚቆጣጠረው አቤል ነው። በተቋራጩ መኪና ቢመጣ አይፍረዱበት። እናንተም ግን ሲሚንቶው ሲቦካ ቁሙና እዩ፤ ያያችሁትንም እዚያው ንገሩት። እገሌ ይከፋዋል፣ እገሌ ይጎዳል ብላችሁ አትተዉት።

እንግዲህ አባቴ፣ ወልድያ አይምጡ። ጉዳዩ ተዘግቷል። እዚህ የሚነገር ነገር ቢኖር እንኳ እኔ የፈረምኩትን ከማፍረስ፣ አቡበከርንም በሰው ፊት ዋሾ ከማድረግ በቀር ሌላ የሚያመጣው የለም። አንቱ የሰው ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ነገም በዚያው ቦታዎ ላይ እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ። ለእኔ ክፉ አስበው እንደማያውቁ አውቃለሁ። እወድዎታለሁ። ይህን በአፌ ብዬዎት አላውቅም፤ ነኢማ ስታነበው ትስቅ ይሆናል፣ ትሳቅ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ለእኔ ያሰቡትን የሰኞን ቀን ለአቡበከር ይስጡት። በሬዎቻችንን አስነድተው ይሂዱና ማሳውን ሲያስተካክል አብረውት ይዋሉ። ከጓሮ ያፈላነው የሽንኩርት ችግኝም አለ፤ ለእኛ አይቅር፣ ሁሉንም ይውሰዱለት። ምን ብዬ ልሂድ ካሉ ምንም አይበሉ። እሱ አይጠይቅዎትም።

አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ከእናቴ ጋር ዕድሜ ይስጥልኝ። ዱአዎ አይለየኝ። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ እኔም አውፍ ብያለሁ።

ልጅዎ
ከወልድያ