የመብራት መጥፋት ልምምድ

ውድ ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ካለህበት በደህና ይድረስህ፤ እኛም ናፍቆትህን ችለን አለን። ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ቤታችንን መሥሪያ ቤት አድርጌዋለሁ።

መብራት በየቀኑ ስለሚጠፋ የእጅ ባትሪ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩና ትናንት ምሽት ልምምድ አደረግን። ከቆጣሪው አጠፋሁና "ባትሪውን ቀድሞ ያገኘ አሸናፊ!" አልኩ። እማዬ ከወንበር ጋር ተጋጨች። አባባ ግን ምንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ሄዶ አወጣው።

"ተመራቂዋ በልብስ ሰፊ ተበለጠች!" ብሎ ሳቀብኝ።

እያጨበጨብኩ መብራቱን መለስኩት። ቤቱ ቦግ አለ። አባባ ባትሪውን እንደያዘ ቆሞ፣ "ኧረ በቃሽ ልጄ፣ አሁንስ አብሪልን" አለኝ።

ክው ብዬ ቀረሁ። እማዬ ቶሎ ብላ "አብርታለች እኮ! አንተ ደግሞ ቀልድ አትተውም" አለችው። እሱም "አዎ፣ ቀልዴን ነው" አለኝ፤ ፊቱን ግን ያዞረው እኔ ወዳልቆምኩበት ወደ ቁም ሳጥኑ ነበር።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። አባባ "እንዴት አምሮበታል!" ብሎ ገልብጦ ያዘው፤ እማዬ አቃናችለት። እመጣለሁ ያልከውን አታዘግየው፣ ወንድሜ። ሌላ ፎቶ አትላክ፤ ራስህ ና።

በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ