መንጠቆው ላይ የቀረችው ነሐስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ዕቃ ቤት። ቁልፍ አምጣ፣ ፒንሳ አምጣ፣ ካቻቢቴ አምጣ... ስሰጥና ስቀበል ዋልኩ። መካኒኩ የራሱ ቁጥር የተቀረጸባትን ትንሽ ነሐስ በመስኮት ያቀብለኛል፤ ዕቃው ከነበረበት መንጠቆ ላይ እሰቅላታለሁ። ዕቃውን ሲመልስ ነሐሱን ይወስዳል። አሥራ አንድ ዓመት ይኸው። ከድሮው አለቃ ጋር ከመጣላቴ በፊት እኔም መካኒክ ነበርኩ። ማን ያስታውሳል?

ሦስቱ አዲስ አውሮፕላኖች ሃንጋሩ ውስጥ ቆመዋል። ባለ አንድ ሞተር። ሰውም ጭነትም በሽተኛም ይጭናሉ፣ አፈር ሜዳ ላይ ያርፋሉ። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ሞተሮች ውጭ ፀሐይ እየመታቸው ጎማቸው ተንፍሷል።

አዛዣችን ሻለቃው ሰብስቦን ነበር። "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ያለን አንድ ሞተር ነው። አንዲት ካቻቢቴ አውሮፕላኗ ውስጥ ከተረሳች አለቀልን" አለ። ማጨብጨብ የወደዱ አጨበጨቡ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እኔም የተቀመጥኩበት የዕድገት ፈተና ውጤት ተለጠፈ። የአዲሶቹ አውሮፕላኖች አለቃ መካኒክ... ረጅሙ። እኔ ተጠባባቂ። እሱ ከቀረ እኔ ማለት ነው። እሱ ደግሞ በምን ይቀራል? ጤናው የበሬ።

አብረን የተቀጠርን፣ ሚዜዬም የነበረ ሰው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ "አይዞህ ወንድሜ፣ የሚቀጥለው ዙር ያንተ ነው።" እንደ ሕፃን። የጥርሴን ሳቅኩለት።

ባለቤቴ ስትሰማ "እሰይ፣ ይገባዋል" አለች። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እንደሆነው ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረጅሙ አጭሯን ካቻቢቴ መለሰ። እጄ ላይ አስቀመጣት። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ልጃቸው ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ወስዳታለች። "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለ ሮጠ። ነሐሱን ሳይወስድ።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ካቻቢቴዋን ኪሴ ከተትኳት። ያደረግኩት ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ምንም።

የማታ ቆጠራ ላይ "አጭሯ ካቻቢቴ የለችም፤ መንጠቆው ላይ ያለው የረጅሙ ነሐስ ነው" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይንቀጠቀጣል ብዬ ነበር። ሰውየውን ከልጁ አልጋ አጠገብ አስጠሩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ደንቡ ነው፤ ዕቃ ከጠፋ እስኪገኝ በረራ የለም። ረጅሙ የሠራባትን አውሮፕላን ፈታቷት። ወንበሯ ወጣ፣ ወለሏ ተነቀለ። ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ፣ በሆዱ እየተሳበ ጅራቷ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ክርኑ ደምቶ ነበር።

በቀጥታ ወደ መስኮቴ መጣ።

"መልሼልሃለሁ እኮ።"

"ነሐስህስ?"

"ስልክ ተደውሎልኝ... እጅህ ላይ ነው ያስቀመጥኳት። አስታውስ እንጂ፣ በናትህ።"

"ብትመልስ ኖሮ ነሐስህን ትወስድ አልነበር?"

ሰው ሁሉ ይሰማል። ዓይን ዓይኔን አየኝ። "ውሸታም" አለኝ። የሳቁት በእሱ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ስሄድ ካቻቢቴዋን ከድልድዩ ላይ ወንዙ ውስጥ ጣልኳት። ከእንግዲህ ብጸጸትስ ምን ላመጣ? ደግሞም አልተጸጸትኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ረጅሙ ከግቢ እንዳይወጣ ታዟል። ልጁን ካያት ሁለት ቀኑ። ሻለቃው በሰው ሁሉ ፊት "ያንተ ልጅ አተኮሳት ተብሎ የሰው ልጅ ከሰማይ ይውደቅ?" አለው። ወደ አውሮፕላኗ ተመለሰ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

ሄጄ ልናገር ይሆን? ምን ብዬ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ፍተሻው አበቃ። ካቻቢቴዋ አውሮፕላኗ ውስጥ የለችም ተባለ። ረጅሙ "ስለ መመለሴ እርግጠኛ አይደለሁም" ብሎ ፈረመ። ፈርም ያለው የለም፤ ራሱ ነው።

ስሙን ሰርዘው የእኔን ጻፉ። ባለቤቴ አቅፋ ሳመችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ማታ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብንለው እምቢ አለ።

"ውሸታም ስላልኩህ ነው የመጣሁት። ይቅር በለኝ። እጅህ ላይ ሳስቀምጣት እስካሁን ይታየኛል። ግን ነሐሱ አለ፤ ነሐስ ደግሞ አይዋሽም። ጭንቅላቴ ነው የከዳኝ።"

ባለቤቴ እንባዋ መጣ። እያየችኝ ነው። ምን ልበል?

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። እስከ በር ሸኘሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ከአዲሶቹ አውሮፕላኖች ሥልጠና ተመለስኩ። አለቃ መካኒክ ተብዬ ተጠራሁ። ጠዋት የአንዷን ሞተር አስነስቼ አዳመጥኳት፤ እንደ ሰዓት ናት። ዕቃ ቤቱን ለረጅሙ ሰጥተውታል።

መስኮቱ ላይ ሄድኩ። መዳፉ እስከ አንጓው በእስክሪብቶ ተሞልቷል። ማን ምን ወሰደ፣ በስንት ሰዓት፣ በሩን ቆለፍኩ ወይ...

"ልጅቷስ?" አልኩት።

"ድናለች። ትምህርት ቤት እናቷ ናት የምታደርሳት። እኔ መንገድ ማሻገሩን ትቻለሁ። እጇን ይዣት እንደሆነ፣ ለቅቄያት እንደሆነ ባላውቅስ?"

አፌ ላይ መጥቶ ነበር... እውነቱ። ሃንጋሩ በር ላይ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ሜዳው አዙራ ትታያለች።

"አንዴ ግባና ዕቃውን አብረኸኝ ቁጠር፣ ወንድሜ" አለ። "የራሴን ዓይን አላምነውም። ያንተን ነው የማምነው።"

ገባሁ። ቆጠርን። ሁሉም ሙሉ ነው።

"ሙሉ ነው አይደል?" አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ለበረራ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። "እኔ እንጃ፣ በደንብ አላየሁም" አልኩትና ወጣሁ።

ስወጣ ከአንድ ጀምሮ እንደገና ሲቆጥር ሰማሁት።