ሐሙስ ችካልሽን እኔ እይዘዋለሁ

ውድ እህቴ ዙዌና፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልሻለሁ፤ አሁን ደሜ ፈልቷል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤትሽ ቢ ታቱ መድኃኒቷን ልትወስድ ሆስፒታል መጥታ፣ የአልትራሳውንድ ክፍሌን በር ብርግድ አድርጋ «እህትሽ ሐሙስ አልመጣም ብላለች» አለችኝ። ነፍሰ ጡር ሴት አልጋ ላይ ተኝታ፣ እኔ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ይዤ! «ለምን?» ስላት «ባሕር ላይ ሥራ አለብኝ ብላለች» ብላኝ ውልቅ። ወላሂ፣ ያቺ ሴት በድንጋጤ እዚያው አለመውለዷ የፈጣሪ ሥራ ነው።

ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ልትቀሪ ነው። በመጀመሪያው የምርመራ ቀጠሮ ጨረቃ ሞላች፣ ባሕሩ ርቆ ሸሸ፣ አንቺም አብቅለሽ የምትሸጪውን የባሕር አረም በችካሎችሽ መሃል የተወጠረው ገመድ ላይ ልታስሪ ወረድሽ። ይሁን አልኩ። ባሕሩ ሲሸሽ ቤት የምትቀር ሴት በመንደራችን ታይታ አትታወቅም፤ እናታችን እንኳ እኔን ወልዳ በአራስ ወገቧ ነው የወረደችው። በሁለት ሳምንቱ እንደገና ቀጠርንሽ። አዲስ ጨረቃ ወጣች፣ ባሕሩም እንደገና ሸሸ! ዶክተር ፈሩዚ ከቻኬ ከተማ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ፣ ባሕሩ ርቆ የሚሸሸውም በየሁለት ሳምንቱ። ሰውዬው የመንደራችን ሴቶች ለምን እንደሚቀሩ ግራ ሲገባው ነው የኖረው። ቀኑን ያዛውሩልኝ ስለው ሳቀብኝ።

«ቀጠሮ ለመስጠት ጨረቃን ላስፈቅድ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ያስፈቅዱ!» አልኩት። አለቃዬን! ባንቺ ምክንያት ከሥራዬ ልባረር ነበር። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ሳምንት ገፋልኝ፤ ባሕሩ ብዙ የማይሸሽበት ሐሙስ ሆነ።

አሁን ደግሞ የባሕር እርሻ አጥኚዎቹ መጡልሽ! ገብቶኛል፣ ዳር ዳሩ ውሃው እየሞቀ አረማችሁ በሰበሰ፤ እነሱም ቀዝቃዛው ጥልቅ ቦታ ላይ ማን የት እንደሚተክል ካርታ ያወጣሉ፤ አሁን ባላት ቦታ ችካሏ አጠገብ ቆማ ያልተመዘገበች ሴት ድርሻ የላትም። ግን ከቀን ሁሉ መርጠው የኔን ሐሙስ! ጀልባቸው እንድትንሳፈፍ ውሃው መሸሽ የለበትማ። ተናንቄ ያገኘኋትን ቀን ቁጭ ብለው ወሰዱብኝ።

ከአጥኚዎቹ ለአንዷ ደወልኩላት። ትሑት ልጅ ናት፣ ለቁጣ እንኳ አትመችም። «ቀኑን ማዛወር አልችልም እህቴ፣ ጀልባዋ በማግስቱ ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች» አለችኝ። «ግን ከቤተሰብ አንድ ሰው ችካሉን ይዞ ቢቆም እኮ በቂ ነው። ለእህትዎም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«‹እኔ ማን አለኝ?› አሉኝ።»

ዙዌና! እኔ ምንሽ ነኝ? እናታችን ከሞተች ወዲህ ያልሆንሽልኝ ምን አለ? የቀረሽ ማጥባት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የላክሽኝ በዚያው አረም አይደለም? ወይስ ነጭ ጋውን ከለበሰች ባሕር አትነካም ብለሽ ነው? ብትጠይቂኝ ምላሴን ላወጣብሽ ነበር? እርር ድብን ነው ያልኩት። ስልኩን ዘግቼ መጋረጃው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

በኢድ ስንተቃቀፍ ብብትሽ ሥር እጄ ያገኘውን እብጠት «ገመድ ስጎትት የመጣ ነው» ብለሽኝ ነበር። ሊሆን ይችላል። አብዛኛው እብጠት ክፉ አይደለም፣ ሥራዬ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ክፉውንም አይቻለሁ፤ ዘግይተው የመጡትንም አይቻለሁ። ፈርቻለሁ እህቴ። ቁጣዬ ሁሉ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። ሐሙስ አንቺ ሆስፒታል፣ እኔ ባሕር። ፈቃድ ወስጃለሁ። ምስሉን የሥራ ባልደረባዬ ምዋናኢዲ ታነሳሻለች፣ ዶክተሩም እዚያው ሆኖ ያየዋል። እጇ ከኔ ይሻላል፤ ይህን ግን ለማንም እንዳትናገሪ። የሚቀቡሽ ነገር ይቀዘቅዛል፣ አትጩኺ። የተጠቀለልሽበትን ካንጋ አውልቂ ስትልሽ አትከራከሪያት። ሳትጨርሺ ላምልጥ ብትዪ በሩን እንድትቆልፍብሽ ነግሬያታለሁ።

ዋና እንደማልችል አትንገሪኝ፤ ውሃው ወገብ ድረስ ነው። ቢ ታቱ የራሷን ችካል ይዛ ከጎኔ ቆማ እስክትጠግብ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። የስንቱን ሰው ሆድና ደረት ሳይ ኖሬ፣ ያንቺን ሌላ ሰው ሲያየው እኔ ችካል ይዤ እቆማለሁ። ይህም ያናድደኛል፤ ግን እቆማለሁ።

ስልኬን ሻሼ ውስጥ አስሬ ነው የምገባው። ደህና ነው ካሉሽ ራስሽ ደውይልኝ፤ ስምሽን አስመዝግቤ ጀልባዋ እስክታልፍ እጠብቃለሁ። ደህና አይደለም ካሉሽም ራስሽ ደውይልኝ። ያኔ ችካሉን ጥዬልሽ እመጣለሁ፤ ቦታሽ ቀረ ብለሽ እንዳትቆጪኝ።

ነዝናዛዋ ታናሽሽ፣
ሙልሃት