ለማህሌት የቀረች ቃል

ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

ማህሌት ተናገረች። አንድ ቃል፦ “ሄላ።”

ልጄ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ስድስት ሳምንት። ኖርዌይኛው የለም። አማርኛው የለም። የንግግር ሐኪሟ ኢንግሪድ ብዙ ተስፋ አልሰጠችኝም። በዚህ ሕመም አንድ ድምፅ አፍ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፣ ትርጉም የሌለው፣ አለች። ለውጥ ካልታየ ሕክምናው ቆሞ ከማገገሚያው ወደ ሰፈራችን ግሮሩድ፣ ወደ ቤት ትሸኛለች። ሐኪሞቹ ተሰብስበው የሚወስኑት ሐሙስ ነው።

ማክሰኞ፣ 10፡00

ጓደኛዋ ሩት መጣች። ሁለቱ ሰሜን ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት አብረው ተምረዋል። ቃሉን ስነግራት አለቀሰች፤ ወዲያው ሳቀች። የዚያ አካባቢ ልጆች ቃል ነው። “በጣም” ማለት ነው፤ “ብዙ”ም ማለት ነው። ሄላ ደክሞኛል። ሄላ ሰው ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያ ልጆች ይቀልዱበታል አለች። እኔም ሞከርኩት።

“ውይ ጋሼ፣ አንተ ስትለውማ ቃሉ ጡረታ ወጣ!”

ማስታወሻዬ፣ ታውቂኛለሽ። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ሳርም ከሪፖርተር ጽሑፍ መጀመሪያ የምሰርዘው “በጣም”ን ነበር። ባዶ ቃል ነው እል ነበር። ሦስት ቋንቋ ሲፈርስ የተረፈው እሱ።

ረቡዕ፣ 9፡30

ከጠዋት ጀምሮ አልጋዋ አጠገብ፣ እስክሪብቶ ይዤ። የሰማሁትን ብቻ መዘገብኩ። በመስኮት በረዶ ሲወርድ፦ ሄላ። የት/ቤት ጓደኞቿ ፎቶ፦ ሄላ፣ ረዘም አድርጋ። ነርሷ ትራስ ስታስተካክል፦ ዝም። የውሃ ብርጭቆ፦ ዝም።

ተጣብቆ የቀረ ድምፅ መርጦ አይወጣም።

ምሳ ላይ ሾርባው በርዶ ነበር። አውቄ ተሳሳትኩ። “ሄላ ትኩስ!” አልኳት።

አየችኝ።

“ናይ፣ አባዬ። ሄላ... ቀዝቃዛ።”

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። “ናይ”፣ አይደለም ማለት፦ ኖርዌይኛ። እንግሊዝኛ። አማርኛ። አንዲት ትንሽ ቃል ሌሎቹን እየጎተተች አወጣቻቸው። በዕድሜዬ ብዙ ዜና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም።

ዝርዝሩን ለኢንግሪድ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ሁለቴ አስደገመችኝ። ቃል አልገባችልኝም። ነገ ይዘኸው ና አለች።

ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡40

ኮሪደር። ወረቀቴ አንድ ገጽ። የመጨረሻው መስመር፦ “ማህሌት በቃሉ የምትጠቀመው በጣም በትክክል ነው።”

“በጣም”ን ልሰርዝ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ተውኩት።

ስብሰባው 4፡00 ይጀምራል።