ስሞት ላየችኝ እናቴ

ይድረስ ለእማዬ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህቴስ፣ አጎቴስ፣ ቤቱስ እንዴት ነው? ስለኔ የጠየቅሽ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። አልሞትኩም።

እህቴ እንደነገረችኝ ጥቁር ለብሰሽ ተቀምጠሻል። ስልክ ስደውልልሽም «ድምፁን የሚያስመስል ሰው ቀጥረው ነው» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልሽ፤ የምታነብልሽ እሷ ጽሕፈቴን አሳይታ ታሳምንሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ በሰው አገር ከምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ አጠገብ የስለላ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መጡ። ዳይሬክተሩ በር ላይ ሲያየኝ ቆም አለና ፊትህ ጠላት ይመስላል አለኝ፤ እኔም ሥራ ተገኘ ብዬ አመሰገንኩት። ጺም ለጠፉብኝ፣ ቦምብ አስታጠቁኝ። ሰላዩ ደረጃ ላይ ሲተኩስብኝ በቋንቋህ የፈለግከውን ጩህ፣ የሚሰማህ የለም አሉኝ። ሰው ሲሞት የሚለውን አልኩ፦ «እናቴን አደራ!» ሌላ ምን ይመጣልኛል? ፊልሙ ሲወጣ ግን ከሥሩ ትርጉሙ ነው ብለው የጻፉበት «ልጆቻችሁን እናርዳለን» የሚል ነው።

ፊልሙን መጦሪያው ውስጥ ለአዛውንቶቹ አሳዩአቸው። በየጠዋቱ ጺማቸውን የምላጭላቸው ጡረተኛ መምህር አሉ፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። በማግስቱ ምላጩን ይዤ ስቀርብ አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ያልኩትን ባስረዳቸውም እጃቸውን አላነሡም። አለቃዬም ሰው እንዳላስፈራ ብላ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ሰደደችኝ።

የናንተ ደግሞ ይብሳል። ሰላዩ ሲጥለኝ ቪዲዮ ቤት ሙሉ ሰው አጨበጨበ አሉ። አጎቴም ተነሥቶ እያጨበጨበ አፏጨ፤ ጺሙ ጋርዶኝ አላወቀኝም። በድምፄ ለይተሽ የጮህሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እዚህ ያሉት የሚፈሩኝ ቋንቋው ስላልገባቸው ነው፤ የሰፈራችን ሰው ግን አደራዬን ሰምቶ ነው ያጨበጨበው።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ደወለ። በሁለተኛው ክፍል የሟቹ ወንድም ሆኜ ደም ልመልስ እመጣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ያው እገደላለሁ። ያንን ዛቻህን ድገምልን አለኝ። ዛቻ አይደለም፣ ትርጉሙ ይህ ነው ብዬ ነገርኩት። ሳቀና ማን ያውቃል አለ። እናቴ ታውቃለች አልኩት።

«እናትህ ትኬት አትገዛም» አለኝ።

እሺ አልኩት፣ እማዬ። የማጠቢያው እንፋሎት ደረቴን ጨርሶታል፣ ከዚህ ጉድጓድ መውጣት አለብኝ። አሁን ግን ስወድቅ አፌን አልከፍትም፤ ከሥሬ የፈለጉትን ይጻፉ። አንቺም ድምፄን ካልሰማሽ እሱ አይደለም በይ። ጥቁሩን አውልቂ።

ለእህቴ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ይህን ስታነብልሽ አታልቅስ። አጎቴንም ሰላም በይልኝ፤ ያጨበጨበበት እጁ ደህና መሆኑን ጠይቂልኝ።

የሞተው ልጅሽ

ከምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው
ጥር 14 ቀን