መኪናሽስ ተሸጠች

ለተወደድሽው ልጄ ለያምሮት ባዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ የዋርሶ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? ለአፍሽ የሚስማማ እህል ታገኛለሽ ወይ? እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ እኔም እናትሽም ወንድምሽ አለበልም ደኅና ነን። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፤ ላሟም ወልዳለች። በስልክ ያልነገርኩሽ እንዳልጮኽብሽ ብዬ ነው። ወረቀት ላይ ቁጣ ይበርዳል ይላሉ፤ እስቲ እናያለን።

መኪናሽ ተሸጣለች። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

«አባባ፣ ሳትፈታታ፣ እንዳለች ይሽጡልኝ» ብለሽ ከሄድሽ እነሆ አምስት ወር። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝና መኪና መሸጥ አያቅተኝም ብዬ ነበር። ግን ይቺን ምን ብዬ ልሽጣት? ኮሮላ ናት እንዳልል ሞተሯ የሌላ ነው። የቤት መኪና ናት እንዳልል የተውሽላት ወንበር የሾፌሩ ብቻ ነው፤ የቀረውን በብረት ቱቦ አጥረሽዋል። ሆዷ መሬት ስለሚነካ ከጓሯችን እስከ አስፋልቱ ድንጋይ ስንለቅም ወገቤ ተቆረጠ።

መጀመሪያ የመጣው ገነነ፣ የቡሬው በርበሬ ነጋዴ ነው። ዞሮ ዞሮ አያትና «ጋሽ ባዬ፣ ስንት ኩንታል ትይዛለች?» አለኝ። ብቻዋን እየሮጠች ከሰዓት ጋር የምትወዳደር መኪና ናት ብዬ አንቺ እንዳስረዳሽኝ አስረዳሁት። «ታዲያ ማንን ልትቀድም ነው?» አለኝ። ከኋላዋ የተከልሽባትን ክንፍ ዳበሰና «ይቺ እንኳ በርበሬ ማስጫ ትሆን ነበር» ብሎኝ ሄደ። ቀጥሎ አንድ የማንኩሳ ባለወፍጮ መጥቶ ሞተሯን ብቻ ካልሸጡልኝ አለ። ለአንቺ የሰጠሁትን ቃል አክብሬ መለስኩት። በከተማው መሣቂያ ሆንኩ። በዚያ ላይ የቀየርሽው ሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም፤ የሞተሩን ወረቀት አምጣ እየተባልኩ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ትራንስፖርት ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት ቴዎድሮስ የሚባል ጎረምሳ ከባሕር ዳር መጣ። አዲስ አበባ ስትወዳደሪ አይቶሽ ያውቃል። ዋጋም አልተከራከረኝ። ውስጧን ሲያይ ግን ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለውን ጎባጣ ብረት ነካ አደረገና «ያምሮት የተገለበጠች ጊዜ የጎበጠው ይሄ ነው አይደል?» አለኝ።

ልጄ፣ ያኔ «ትከሻዬ የተሰበረው ከደረጃ ወድቄ ነው» አላልሽኝም? ልጄን ከደረጃ አተረፍክልኝ ብዬ ለመድኃኔ ዓለም ጃንጥላ አስገብቻለሁ እኮ!

ቤት ገብቼ እናትሽን ጠየቅኋት። ሳጥኗን ከፈተች። ስንከራተትለት የነበረው የሞተሩ ወረቀትና የትከሻሽ ራጅ በአንድ ፖስታ ተቀምጠዋል። «ላንተ ቢነገር መኪናዋን በመጥረቢያ ትከሰክሳት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። አለበልም ያውቅ ኖሯል። በገዛ ቤቴ እንግዳው እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ቴዎድሮስን «እናትህ ታውቃለች?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። እንግዲያውስ የሰው ልጅ በእጄ አላስገድልም ብዬ አሰናበትኩት። እናትሽ ስንት ወር የጠበቅነውን ገዥ አባረርከው ብላ ተቆጣች። እኔም ብሼ ተኳረፍን።

በሦስተኛው ቀን ልጁ እናቱን ወይዘሮ ንግሥቴን ይዞ ተመለሰ። ለካ ከእኔ የባሰች ቁጡ ናት። እሱን ገላመጠችው፣ መኪናዋን ዞራ አየች፣ ነጠላዋን አደግድጋ በዚያች ጠባብ በር እንደምንም ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የጎበጠውን ብረት በእጇ ዳበሰችው።

«ልጅዎ ከዚህ ውስጥ በእግሯ ወጣች?» አለችኝ።

በእግሯ ወጥታ ዋርሶ ገባች አልኳት።

«ለምኜዋለሁ፣ በንስሐ አባቱም አስገዝቼዋለሁ፤ የእኔው መሮጡን አይተውም። መሮጡ ካልቀረ የሰውን ልጅ በደኅና ባወጣ ብረት ውስጥ ይሩጥ» አለች።

ፈረምኩ። መኪናዋ ስትነሣ አለበል አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር።

አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። የከፋኝ ግን መገልበጥሽ አይደለም። እኔም አንዴ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ከነጭነቴ ተገልብጫለሁ፤ ለእናትሽ ጎማ ፈንድቶ አደርኩ ብዬ ነው የነገርኳት። በስልክ ስታወሪያት ይህን እንዳታነሺባት። ትከሻሽ በብርድ ይጠዘጥዝሻል ወይ? ለዚህ እንኳ እውነቱን ጻፊልኝ።

አለበል እጅግ ናፍቆሻል። የጎረቤታችን ወለተ ሐና በጸሎቷ አልረሳችሽም። እናትሽ ማሚቱም ሰላም ብላሻለች፤ እስካሁን ስላልታረቅን ሰላምታውን የሰጠችኝ በአለበል በኩል ነው።

አባትሽ ባዬ
ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.